ከረቱ በኋላ፦ ከመካነ ሰላም የተላከ ደብዳቤ

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ የገና ጨዋታ የሚጀመረው በዓሉ ከመድረሱ ቀደም ብሎ ነው። ገብሱና ስንዴው ታጭዶ አውድማ ሲገባ፣ ከብቱም በታጨደው ማሳ ላይ ሲለቀቅ፣ ሜዳው ለጎረምሳ ይተርፋል። እረኛው ጫፉ የቆለመመ እንጨት ፍለጋ ዛፍ ዛፉን ሲያይ ይሰነብታል። ያ የጎበጠ በትር እንደ በዓሉ ሁሉ ገና ተብሎ ይጠራል። የሚመታው ደግሞ ከእንጨት የተጠረበ ወይም ከጠፍር የተሠራ ድቡልቡል ነገር ነው፤ ሩርም ጥንግም ይሉታል። በትውፊቱ መሠረት ጨዋታውን የጀመሩት የቤተ ልሔም እረኞች ናቸው፤ የልደቱን ብሥራት በሰሙ ጊዜ በያዙት በትር ተጫወቱ ይባላል። በዓሉ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ይውላል።

ደብዳቤው የተጻፈበት መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ነው። ከደሴ የሚነሳ መንገደኛ በአቀስታ በኩል ረዥሙን ደጋ አቋርጦ ይደርስበታል። ከተማው ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ የታኅሣሥ ሌሊቱ ብርድ ጋቢ ያስደርባል። ወደ ምዕራብ አገሩ እያቆለቆለ፣ እያቆለቆለ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። እንዲህ ባለ አገር ለጨዋታ ወገን መለየት አያስቸግርም። ላይኛው ሰፈር ከታችኛው፣ አንዱ ደብር ከሌላው፣ ያገባው ካላገባው ይገጥማል።

የተጫዋች ቁጥር ልክ የለውም፤ ዘግይቶ የመጣም በትሩን ይዞ ይገባል። ቢሆንም ማን ከማን ጋር እንደሆነ መታወቅ አለበት። ዛሬ በየስብሰባው የሚሰማው «ሚናህን ለይ» የሚለው አነጋገር በገና ሜዳ የሚጮህ ቃል ነው፤ በተቃራኒ ወገን በኩል ቆሞ ለሚመታ ሰው የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ። ቃሉን የናቀ ሰው ዱላው ቅልጥሙ ላይ ቢያርፍ የሚያዝንለት የለም። ጨዋታው ልስልስ አይደለም። ያበጠ ቁርጭምጭሚትና የተፈነከተ ግንባር የዕለቱ ወግ ናቸው፤ በልማዱ ግን በገና የደረሰ ጉዳት ቂም አይያዝበትም። ልማዱ ሁልጊዜ ይጠበቃል ማለት አይደለም። የቆየ ጠብ ያላቸው ሰዎች በዚያ ሁሉ ዱላ መካከል ሲገናኙ ሽማግሌ ከሜዳው ዳር የሚቀመጠው ለመዝናናት ብቻ አይደለም።

የጨዋታው ግማሽ ግን ሩሩ ከቆመ በኋላ ያለው ነው። የረታው ወገን በትሩን ወደ ላይ አንስቶ ይሰበሰባል፣ እየዘለለ ይዘፍናል። አንዱ ያወጣል፣ የቀረው ይቀበላል። ዜማው ከአባት የተወረሰ ሲሆን ስድቡ ግን የዕለቱ ነው። የአንዱ ሯጭ ቀጭን ባት፣ የሌላው ፍርሃት፣ የሰፈሩ ሁሉ ንፉግነት በሁለት ስንኝ ይታሰራል። የተረታው ወገን ዝም ብሎ አይሰማም፤ ግጥም የሚያወጣ ሰው ካለው ይመልሳል፤ በሩር የተሸነፈ በግጥም ሊያሸንፍ ይችላል። ሴቶች እልል የሚሉት ለጎል ብቻ ሳይሆን ለጥሩ ስንኝም ነው። ስድቡም ወደ ጎን ብቻ አይሄድም፣ ወደ ላይም ይወጣል። በጥንቱ ሥርዓት ባላባቱና ሹሙ በዚያ ዕለት በግጥም ቢነኩ አይቆጡም ነበር፤ ይህ የጨዋታው የታወቀ ደንብ ነው። ከዘፈኑ በኋላ ረቺዎቹ ወደ አንድ ትልቅ ቤት ይሄዳሉ። የተሰደበው ጌታ ጠላውን ያስቀዳል።

ሌሊት ተነስቶ የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ የሆነውን ሱፐር ቦውል የሚያየው ወጣት ይህን ሲሰማ ማነጻጸሩ አይቀርም። የአሜሪካ ፉትቦል ደስታን በሕግ የሚለካ ጨዋታ ነው። ኳሷን ከመጨረሻው መስመር አሻግሮ «ታችዳውን» ያገባ ተጫዋች ተቃራኒውን ቢያናድድ ወይም ጭፈራውን ቢያበዛ ዳኛው ቢጫ ጨርቅ ይወረውርና ቡድኑ 15 ያርድ፣ ማለትም 14 ሜትር ያህል ይቀጣል። ትልቁ የባለሙያዎች ሊግ ኤንኤፍኤል የቡድን ጭፈራን ለዓመታት ከልክሎ ቆይቶ በ2017 እ.ኤ.አ. ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ተጫዋቾች ተሰብስበው መጨፈር፣ መሬት ላይ መተኛት፣ ኳሷንም የጭፈራው ዕቃ ማድረግ ይችላሉ። ተቃራኒን ማዋረድና የጦር መሣሪያ የሚመስል ምልክት ማሳየት አሁንም ያስቀጣል። የኮሌጁ ጨዋታ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ጥብቅ ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተጫዋቹ መስመሩን ከማለፉ በፊት በሚያሳድደው ተቃራኒ ላይ ቢያላግጥ ታችዳውኑ ራሱ ሊሰረዝ ይችላል። ከመስመሩ ዳር ያሉ ተጠባባቂዎችም ወደ ሜዳ ገብተው እንዳይጨፍሩ ይከለከላሉ።

በአሜሪካ በበላይ ሰው ላይ የተፈቀደ አንድ ድፍረት አለ። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ተጫዋቾች ትልቅ ጨዋታ ሲያሸንፉ በረዶ ያለበትን የመጠጥ ባልዲ በአሠልጣኙ ላይ ይገለብጣሉ። ሰውዬው እየተንቀጠቀጠ ይስቃል። የገናው ባላባት ከሰማው ስድብ አንጻር ሲታይ ቀላል ነው፤ መንገዱ ግን አንድ ነው። ድል በተገኘበት ሰዓት ታናሹ ታላቁን ሊነካ ይችላል፣ ታላቁም መሳቁ ይጠበቅበታል።

ልዩነቱ ከጨዋታው በኋላ ባለው ሕይወት ላይ ነው። የአሜሪካው ተጫዋች የተሳለቀበትን ሰው ዳግም የሚያገኘው ምናልባት በሚቀጥለው ዓመት፣ በሌላ ከተማ ነው፤ ስለዚህ ሕግና ዳኛ ያስፈልገዋል። የቦረናው ጎረምሳ የሰደበውን ሰው በማግስቱ በወፍጮ ቤት፣ ቅዳሜ በገበያ፣ በበጋው በሰርግ ያገኘዋል። ምናልባት እህቱን ያገባል። ስድቡ ከመጠን እንዳያልፍ የሚይዘው ይኸው ኑሮ ነው። ከልክ ያለፈውን ዳኛ አይቀጣውም፤ አገር ያማዋል፣ ሐሜቱም እስከሚቀጥለው ገና ይዘልቃል። ከ15 ያርድ ይከብዳል።

የፈረሱ ጨዋታ ጉግስ ሌላ መልክ አለው። በወሎ ደጋ ፈረስ የማዕረግ ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ ጉግስም በጥምቀትና በሰርግ ይታያል። ፈረሰኞቹ በሁለት ወገን ይቆማሉ። አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ዘንግ ይዞ ያሳድዳል። ተባራሪው ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ የሚወረወርበትን ይመክታል። አሳዳጁ ከወረወረ በኋላ ተራው ይለወጥና አባራሪው ተባራሪ ይሆናል። ማንም ሰው ለረዥም ጊዜ የበላይ ሆኖ አይቆይም፤ ስለዚህ ሲያባርር የተሳለቀ ሲሸሽ ይሰማዋል።

በጉግስ ሜዳ ዳር የሚሰማው ፉከራና ሽለላ ነው። ፎካሪው «ዘራፍ» ብሎ ይነሳል፣ የአባቱንና የራሱን ጀብዱ ይቆጥራል፣ ራሱንም በፈረሱ ስም ይጠራል። የፈረስ ስም የትልልቅ ሰዎች መታወቂያ ነበር። ዓፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዓፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤልም አባ ሻንቆ ይባሉ ነበር።

ንጉሥ ሚካኤል ሲነሱ የእውነተኛው ጦርነት ድልና የጨዋታው ድል የት እንደሚለያዩ ይታያል። የወሎ ፈረሰኛ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ከሸዋ ጦር ጋር ገጥሞ ተሸነፈ፤ ንጉሡም ተማረኩ። የእንግሊዝ ሚኒስትር ልጅ የነበረው፣ አዲስ አበባ የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲጀር በዚያ ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። አሸናፊው ጦር ሲገባ የነበረውን ሰልፍ አይቶ በኋላ ዘመን ጽፎታል። ፎካሪው ብዙ ነበር፤ ሽማግሌው ንጉሥ ደግሞ በሰንሰለት ታስረው፣ የመገዛት ምልክት የሆነውን ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው አለፉ። በዚያ ቀን ለተረታው መልስ የሚሰጥበት ተራ አልነበረውም። ጉግስ ያንኑ ፈረስ፣ ያንኑ ጋሻና ያንኑ ፉከራ ወስዶ ሰንሰለቱንና ድንጋዩን የተወ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የኢትዮጵያ ስፖርት ለዓለም ያሳየው የጨዋነት ምስልም ለተረታው ቦታ ከሚሰጠው ከዚህ የጨዋታ ጠባይ የራቀ አይደለም። በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና ኦሊምፒክ ደራርቱ ቱሉ የ10,000 ሜትሩን ሩጫ አሸንፋ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ማየርን ከመጨረሻው መስመር ላይ ጠበቀቻት። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን በድል ዞሩት። ሁለተኛ የወጣች ሴት የድል ዙር ስትሮጥ ማየት ያልተለመደ ነበር፤ ከሰደበው ሰው ቤት ጠላ ቀምሶ ላደገ ሕዝብ ግን ያን ያህል አያስገርምም።

ዛሬ በመካነ ሰላም እንደ ሌላው ከተማ ሁሉ ወጣቱን የያዘው እግር ኳስ ነው፤ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ስላለም ከየአገሩ የመጣ ተማሪ ሞልቷል። ጎል ያገባ ልጅ በቴሌቪዥን እንዳየው በጉልበቱ ይንሸራተታል። የእግር ኳስ ሕግ ማሊያውን አውልቆ የሚጨፍረውን በቢጫ ካርድ ይቀጣል፤ የገና ሕግ ይህን አያውቅም። ነገር ግን በእግር ኳሱም ዳር ተረቺውን በሁለት ስንኝ የሚነካ አይጠፋም፤ ግጥሙ በትሩን ትቶ ወደ ኳሱ ተሻግሯል።

በገጠሩ የገናው በትር ከበዓሉ በኋላ ወዲያው አይጣልም። ጨዋታው ለጥቂት ቀናት ይቀጥላል፤ ከዚያ ጥር 11 ቀን ጥምቀት ይደርሳል። ታቦቱ ሲወጣ ላይኛውና ታችኛው ሰፈር በአንድ መንገድ ያጅባሉ፣ ፈረስ ያለው ይጭናል። በገና የተሰደበው ሰፈርም ሲያጠራቅም የሰነበተውን ግጥም በዚያው መንገድ ላይ ያወጣል።