የአንድ ወገን ደረሰኝ

እሁድ እሁድ ዕቁባችንን ጥለን ቡናችንን ጠጥተን እንለያያለን። ሰሞኑን ግን ቡናው አልቆም መለያየት አልቻልንም። ጉዱን ያመጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። አንዷ ከአዲስ አበባ ስትመለስ ይዛው መጣች፤ እዚህ ጁባ፣ ኮኞ ኮኞ ገበያ፣ ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ሁላችንም አነበብነው።

ላላነበባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ጊዜው 1974 ዓ.ም. ነው፤ የቀይ ኮከብ ዘመቻ። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ ለፕሮፓጋንዳ ሥራ አስመራ ይወርዳል። እዚያ ፊያሜታ ጊላይ የምትባል ቆንጆ አግኝቶ ይወዳታል። ልጅቷ ግን ከልቧ ትውደደው ወይስ ሌላ ነገር ይኑራት፣ የማን ወገን ትሁን፣ መያዣ መጨበጫ የላትም።

«የሰው እጮኛ ነጣቂ!» አለች አንዷ። «እንዲህ ላለች ሴት እኔ ዱቤ አልሰጥም።»

በዕድሜ የምትበልጠን እትዬ ተቆጡ። «እጮኛ ያለው እሱ፣ የምትሰደበው እሷ! ቃሉን ያፈረሰው ማን ሆነና ነው?»

ሌላዋ ደግሞ «እኔስ ጭራሽ አልገባችኝም» ብላ መጽሐፉን ወዲያ አለችው።

እኔ ያልኩት ይህን ነው፦ ታሪኩን የሚነግረን ፀጋዬ ነው። ፊያሜታን የምናያት በእሱ ዓይን ብቻ ነው፤ ሥራው ደግሞ ፕሮፓጋንዳ ነው። ኮሜርስ ስንማር የአንድ ወገን ደረሰኝ ብቻ ተይዞ ሂሳብ አይዘጋም ይሉን ነበር። የፊያሜታ ደረሰኝ መጽሐፉ ውስጥ የለም።

ሁሉም «እውነትሽን ነው» አሉኝ። እኔ ግን አፈርኩ። ያፈርኩበትን ያን ቀን አልተናገርኩም፤ እዚህ ልጻፈው።

ከሱቄ አጠገብ አንዲት የአስመራ ልጅ ትነግድ ነበር። ዓረብኛዋ እንደ ውሃ ይፈሳል። ከወታደሩም ከቀረጥ ሰብሳቢውም ትሳሳቃለች፤ ስለ ራሷ ግን አንዲት ቃል አይወጣትም። ለጁባ ሰው ሁላችንም «ሐበሻ» ነን። እኛ ግን እርስ በርስ «ከኋላዋ ማን አለ?» እንባባል ነበር። «ሰላይ ሳትሆን አትቀርም» ያልኩትም እኔ ነኝ።

በሐምሌ 2008፣ በፈረንጆቹ 2016፣ ጁባ ውስጥ ውጊያ ተነስቶ ገበያው ተዘጋ። ስንከፍት እሷ የለችም። ስድስት ካርቶን ዘይት በዱቤ ወስዳብኝ ነበር። «ድሮስ አላልኳችሁም? በልታኝ ሄደች» ብዬ ዕቁብተኛውን ሁሉ አዳረስኩ።

ከስምንት ወር በኋላ በኒሙሌ በኩል ዕቃ የሚያመጣልን ሾፌር ከካምፓላ ፖስታ አቀበለኝ። ዶላር ነው። ፓውንዱ እየወደቀ ስለነበር በፓውንድ ብትከፍለኝ የግማሹን ዋጋ እንኳ አላገኝም ነበር። እሷ ግን ዘይቱን በወሰደችበት ቀን ምንዛሪ አስልታ አንድም ሳታጎድል ልካለች። ደብዳቤ የለውም።

ከዱቤ መዝገቤ ስሟን ሰረዝኩ። ያወራሁትን ግን የት እሰርዘዋለሁ? ገንዘቡ መምጣቱን ለማንም አልተናገርኩም። ያቺ ሴት ማን እንደነበረች ዛሬም አላውቅም፤ የማውቀው እኔ ያልኳትን እንዳልሆነች ብቻ ነው።

በዓሉ መጽሐፉን በ1975 ባወጣ ጊዜ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። አማርኛ ማንበብ የማይችሉ ልጆቻችሁ በእንግሊዝኛ ሊያነቡት ይችላሉ፤ በፈረንጆቹ 2025 ተተርጉሞ ወጥቷል።

ፊያሜታን መጥላት መብታችሁ ነው። እኔም ሁሉ ነገሯ አልተዋጠልኝም። ነገር ግን ያን ጊዜ ወሬዬን ከሰሙት ሁለቱ ዛሬም ዕቁባችን ውስጥ አሉ። የፊታችን እሁድ፣ መጽሐፉን ከመክፈታችን በፊት፣ የስድስቱን ካርቶን ነገር እነግራቸዋለሁ።