ዘንዶው ገመድ ሲሆን

የፈረንጅ የጨዋታ ጀብዱ እኛ ከተማ ሐሙሲት ሲገባ መጀመሪያ የሚሰናከለው መጠጥ ቤቱ ላይ ነው። በጨዋታው መጽሐፍ አራት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው ይጠጣሉ፤ ካባ የደረበ ሽማግሌ ከጥግ ተነሥቶ ካርታ ይሰጣቸዋል፤ በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ተያይዘው ሊሞቱ ይሄዳሉ። እኛ ዘንድ ይህ አይሆንም። አራት እንግዳ ጠጅ ቤት ቢቀመጥ ብርሌው ሳይጋመስ «የማን ልጅ ነህ?» ይመጣል፤ ሁለቱ በእናታቸው ወገን ይዛመዳሉ፤ ሽማግሌውም በየትኛው የመሬት ክርክር ተሸንፎ አገሩን እንደለቀቀ ይታወቃል። ስለዚህ መጠጥ ቤቱን ሰርዤ የሐሙሱን ገበያ አስገባሁ። በበግና በጌሾ መሐል የሚያልፍን ባለካባ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ጨዋታው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ነው። አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ እኛ ዘንድ እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ የየራሳቸውን ሰው ሆነው ይናገራሉ፤ ነገሩ ለዕድል ሲተው ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይጣላል። (ዳይሱ እዚህ አይሸጥም፤ ስልክ ይጥልልናል።) መሪው ታሪክ መፍጠር ከታከተው የታተመ ጀብዱ ይወስዳል። ጋይጋክስ ራሱ ከጻፋቸው አንዱ ውስጥ፣ ድንበር ላይ ያለ ምሽግ ነው፣ ሹሙም ቄሱም ነጋዴውም በማዕረጋቸው ብቻ ይጠራሉ። ስም ማውጣቱን ለመሪው ትቶለታል። ሰውየውን የወደድኩት ለዚህ ነው።

የሰውን ታሪክ እንዲህ የራስ ማድረግን «አዲስ የፈረንጅ በሽታ» የሚል ዘመድ አለኝ። በሽታው ግን ከጋይጋክስ በፊት በእኛው ብራና ላይ ነበረ። የመቄዶንያው እስክንድር ከክርስቶስ ልደት 323 ዓመት ቀድሞ ሞቷል። ተረቱ ከግሪክ ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል ግእዝ ሲደርስ ግን እስክንድር ሥላሴን የሚያመልክ፣ የሚጸልይ፣ ንጽሕናን የሚያስተምር ንጉሥ ሆኖ ተገኘ። ጸሐፊው ስለ ዘመኑ አልተጨነቀም፤ አምላክ የለሽ ጀግና ለአንባቢው እንደማይጥም ያውቃል። «በራላም ወይዋሰፍ» ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሥሩ የቡድሃ ታሪክ ነው። ከሕንድ ወጥቶ ከአገር አገር፣ ከቋንቋ ቋንቋ ሲሻገር ኖሮ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ ዕንባቆም፣ ራሳቸው ከየመን የመጡ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1553 ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱት። ልዑሉ ያው ቤተ መንግሥቱን ጥሎ ይመንናል፤ የመነነበት ሃይማኖት ብቻ ተለውጧል። አንባቢ ሳያውቀው ለቡድሃ አለቀሰ።

ስም ለውጦ የሚረካ መሪ አይገባኝም። ጎብሊኑን «ጭራቅ»፣ ባሮኑን «ራስ» ብሎ ያልፋል፤ ይህ ጋቢ የለበሰ ቱሪስት ነው። የእኔ ጣጣ የነበረው ጉድጓዱ ነው። በፈረንጅ ጀብዱ ሀብቱም እስረኛውም አውሬውም ከምድር በታች ነው፤ ጀግናው በወረደ ቁጥር አደጋው ይከፋል። እኛ ግን ውድ ነገር ወደ ላይ ነው የምንሸሽገው። ነገሥታቱ ዙፋን ሊመኙ የሚችሉ ዘመዶቻቸውን ያሰሩት ግሸን አምባ ላይ ነው፤ ቴዎድሮስም ግምጃ ቤታቸውንና እስረኞቻቸውን ያከማቹት መቅደላ አናት ላይ ነው። ካርታውን ገለበጥኩት። የመጀመሪያው ክፍል ገደሉ ሥር፣ የመጨረሻው አምባው ላይ ሆነ፤ ዕድሜያቸውን እርጥበት ውስጥ የኖሩት ጎብሊኖችም ፀሐይ አዩ።

ቀጥሎ ዘንዶው መጣ። በመጽሐፉ ወርቅ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል፣ ይገደላል፣ አለቀ። የእኔ ተጫዋቾች ግን አቡነ አረጋዊ ደብረ ዳሞ የወጡት በዘንዶ ተንጠላጥለው እንደሆነ እየሰሙ ያደጉ ናቸው። ዘንዶው ከገደሉ አፋፍ ብቅ ሲል ባጃጅ ነጂው ጓደኛችን ሰይፍ አልመዘዘም፤ ተነሥቶ እጅ ነሣና «አባ ዘንዶ፣ እባክዎ ጅራትዎን ያውርዱልን» አለ። እንዲህ ላለው ጥያቄ መጽሐፉ ሕግ የለውም። ዳይስ አስጣልኩት፤ ወጣለት። ዘንዶው ጅራቱን አወረደ፤ ግማሽ ምሽት ይፈጃል ያልኩት ውጊያ በአንድ ሰላምታ ቀረ።

አንጥረኛው ላይ ብዙ አሰብኩ። በፈረንጁ መንደር የተከበረ ሰይፍ ሻጭ ነው፤ በእኛ አገር ግን ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል እያሉ ማረሻውን ይገዙታል። ይህን ክፋት ብተወው ዓለሙ ውሸት ይሆናል፤ እንዳለ ባስገባው እኔም ሐሜተኛ ልሆን ነው። አስገባሁት፤ ሌሊት ጅብ የሚሆነው ግን ከሳሹ ነው።

አንጥረኛ ካነሣሁ ዘንድ፣ የሌላውን ጀብዱ በመለወጥ ሙያ የአገራችን ቁንጮ ቴዎድሮስ ናቸው። በባዝል አጠገብ ካለው የቅድስት ክሪሾና ትምህርት ቤት የመጡት ሚስዮናውያን እነ ቴዎፊል ዋልድማየር የያዙት ጀብዱ ግልጽ ነበር፤ በእጅ ሥራቸው እየኖሩ ወንጌል መስበክ። ንጉሡ ሰዎቹን ወደዷቸው፣ ታሪካቸውን ግን ለወጡት፤ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አስቀምጠው መድፍ አስቀለጧቸው። ከእቶኑ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1867 ደብረ ታቦርን ለቀው ያን ብረት ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ መንገድ አልነበረም፤ እየተጠረገ ተሄደ። ከመጽሐፉ ውጭ እንዲህ የሄደ መሪ አላውቅም።

ቀጣዩ የባሕር ጀብዱ ነው። ጣና ቅርብ ነው፤ የባሕሩ አውሬ ጉማሬ እንዲሆን ያለ ክርክር ተስማምተናል። ችግሩ መጽሐፉ ባለ ሦስት ምሰሶ መርከብ ይጠይቃል፤ እኛ ያለን የደንገል ታንኳ ነው፤ ሁለት ሰው ከያዘ ብዙ ነው። ባጃጅ ነጂው መቅዘፊያው የእኔ ነው ብሏል። የቀሩት በየብስ ዞረው ሐይቁ ዳር ቆራጣ ላይ ይጠብቁ ወይስ በየተራ ይሻገሩ በሚለው እየተጨቃጨቅን ነው።