ሣር፣ ባሕር ዛፍና ዳለቻ

ስለ ከብት ርቢ የተነሣ እንደ ሆነ ብዙዎቹ የክፍል ጓደኞቼ ወተት ከሱቅ የሚገኝ፣ ላምም ከአዲስ አበባ ርቃ የምትኖር ይመስላቸዋል። እኔ ግን የተወለድሁት በእንጦጦ ጋራ በየካ በኩል ስለ ሆነ፣ በየማለዳው ደብተሬን ከማንሣቴ በፊት በረት እጠርጋለሁ፤ እበቱንም ለኩበት እጠፈጥፋለሁ። ይህ የሴት ሥራ ነው የሚሉኝ አሉ፤ እኅት የለኝምና ምን ላድርግ? እጄን በደንብ ሳልታጠብ የቀረሁ ዕለት በጎኔ የሚቀመጠው ጓደኛዬ ቶሎ ያውቀዋል። ስለዚህ በዚህ መጽሔት ጥቂት እንድጽፍ ሲፈቀድልኝ ስለ ላማችን ስለ ዳለቻ ለመጻፍ ወሰንሁ።

መሬታችን ትንሽ ናት። ከላይ ባሕር ዛፍ፣ ከታች ሣር፣ በመካከሉም ቤታችንና በረቱ ይገኛሉ። ከብቶቻችን ሦስት ብቻ ሲሆኑ እነርሱም ዳለቻ፣ ጊደሯና አንድ ወይፈን ናቸው። የፉርሽካና የፋጉሎ ዋጋ የሚቀመስ ስላልሆነ የምናበላቸው ሣር ነው። በክረምትና በመስከረም በግጦሽ ይውላሉ፤ በጥቅምት መጨረሻ አባቴና እኔ የታችኛውን ሣር አጭደን ድርቆሽ እንከምራለን። ክምሩ እስከሚቀጥለው ክረምት ያልደረሰ እንደ ሆነ ከሱሉልታ የሚመጣውን ድርቆሽ እንገዛለን፤ ያን ጊዜ እናቴ ቅቤ ሸጣ ያገኘችው ገንዘብ ተመልሶ ወደ ላሟ አፍ ይገባል። ለምለም ሣር በምትግጥበት ወራት ቅቤዋ ቢጫ ነው፤ በበጋ በድርቆሽ ስትኖር ግን እየነጣ ይሄዳል። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ወደዚያ የሚወጡ ሰዎች መኪናቸውን አቁመው ዳለቻን ፎቶግራፍ ያነሧታል፤ እርስዋ ግን ቀና ብላ እንኳ አታያቸውም።

በመስከረም ከሣሩ መካከል ማገጥ ይበቅላል። ማገጥ በአንድ ዘለላ ሦስት ቅጠል ያለው፣ ከብት እጅግ የሚወደው ተክል ነው። አባቴ ዘወትር፣ «ጤዛው ሳይረግፍ ማገጥ ላይ እንዳትለቃት፤ አስቀድመህ ድርቆሽ ስጣት» ይለኝ ነበር። ባለፈው ዓመት መስከረም ግን አንድ ሰኞ አባቴ አጣና ሊሸጥ ማልዶ ወርዶ ነበር፤ ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል፤ እኔም አርፍጃለሁ። ድርቆሹን ላወርድ ስል ሰዓቱን አየሁና ተውሁት፤ ዳለቻንም ፈትቼ በቀጥታ ወደ ማገጡ ነዳኋት። ቤት ገብቼ ቁርሴን በልቼ ስወጣ ላሚቱ አራት እግሯን ከፍታ ቆማ ታቃስታለች፤ የግራ ጎኗም እንደ ከበሮ ተወጥሯል።

እናቴ ጮኸች፤ ሽማግሌው ጎረቤታችንም ከዘራቸውን ይዘው ደረሱ። ጎኗን በጣታቸው መታ መታ አድርገው፣ «አንተ ልጅ፤ ጤዛ ላይ ለቀሃት?» ብለው ጠየቁኝ።

«የለም አባባ፤ ጤዛው ረግፏል» አልሁ።

ሽማግሌው መልስ አልሰጡኝም፤ የትምህርት ቤት ሱሪዬን ብቻ አዩት። እስከ ጉልበቴ ድረስ ርሶ ነበር። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ወዲያው ዳለቻን የፊት እግሯ ወደ ዳገቱ እንዲሆን አቆምናት፤ በአፏም እንጨት አግድም አሰርንባት። እናቴ ያመጣችውን ግማሽ ጠርሙስ የኑግ ዘይት ሽማግሌው ቀስ እያሉ አጠጧት፤ እኔም የግራ ጎኗን በሁለት እጄ ሳሽ ቆየሁ። ምክንያቱን የተረዳሁት በኋላ ነው። የላም ሆድ በአራት የተከፈለ ሲሆን ትልቁ ክፍል በግራ በኩል ነው፤ በዚያም በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ሣሩን ሲያብላሉት ጋዝ ይወጣል፤ ላሚቱም በግሳት ታስወጣዋለች። እርጥብ ማገጥ በብዛት የበላች እንደ ሆነ ግን ጋዙ አረፋ ሆኖ ይታፈናል፤ ዘይቱም አረፋውን ይሰብረዋል። ሽማግሌው ስለ አረፋው የነገራቸው መምህር የለም፤ ዘይቱን ግን ያውቃሉ። ከብዙ ጭንቀት በኋላ ዳለቻ ረዥም ግሳት አገሳች፤ እናቴም መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በታሪክ ትምህርት ስለ ክፉ ቀን ተምረናል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የገባው የከብት በሽታ የአገሩን ከብት ከሞላ ጎደል ጨረሰው፤ በሬ ስለ ጠፋም ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ ይባላል። ያ በሽታ ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ የተነገረው በ2003 ዓ.ም. ነው። ይህን ለፈተና ሳጠና ቁጥር ብቻ ነበር፤ ከዚያ ሰኞ ወዲህ ግን የእናቴ ልቅሶ ይታወሰኛል።

ማታ አባቴ ሲመጣ ሁሉን ራሴ ነገርሁት። አልመታኝም። «ማገጡ በዝቶ ሳይሆን ሌላው ሣር አንሶ ነው፤ ርቧት ጎረሰችው» አለ። እኔም እንግዲያውስ ባሕር ዛፉን እንቁረጠው አልሁት፤ ከሥሩ ሣር እንደማይበቅልለት በየቀኑ አያለሁና።

«አንተን ያስተማረህ ማን መሰለህ? ዛፉ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ዩኒፎርሜና ደብተሬ የተገዙት በአጣና ገንዘብ ነው። ባሕር ዛፍ የመጣውም በዐፄ ምኒልክ ዘመን የእንጦጦ ደን ተመንጥሮ ከተማው ማገዶ ባጣ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ እርሱንም ክፉ ልለው አልችልም። ብዙ ተከራክረን በጥር የታችኛውን አንድ ረድፍ ብቻ ቆረጥን።

ባሕር ዛፍ ግን ስለ ተቆረጠ አይሞትም፤ ከጉቶው ዙሪያ ቀንበጥ ያወጣል። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እየዞርሁ እሰብረዋለሁ። በዚህ ዓመት መስከረም በጉቶዎቹ መካከል ሣር፣ አልፎ አልፎም ማገጥ በቅሎ አየሁ። ዳለቻ እስከ ረፋዱ ድረስ በረት ውስጥ ታስራ ድርቆሽ ትበላለች፤ የምትፈታትም እናቴ ናት።