ባለ ሦስት እግሯ ትራንዚስተር

ትራንዚስተር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ራዲዮን ነው። ስሙ ግን የራዲዮው አይደለም፤ በሆዱ ውስጥ ያለችው፣ የባቄላ ፍሬ የማታህል ባለ ሦስት እግር ዕቃ ናት ትራንዚስተር።

እኛ እጩ መምህራን ነገ ከአሰላ ወጥተን ወደ ዲገሉ፣ ወደ ሙኔሳ፣ ወደ ሌሙ እንበተናለን። እዚያ አንድ ልጅ ብድግ ብሎ «መምህር፣ ይህ ሁሉ ድምፅ ከየት ይመጣል?» ቢለንስ? «ትራንዚስተር ያጎላዋል» ብለን ብንቀመጥ ልጁን ሸኘነው እንጂ አላስተማርነውም።

እስቲ ከጭላሎ በሚወርድ ወንዝ ላይ ያለ የውሃ ወፍጮን እናስብ። የቦዩን መክፈቻ በአንድ እጃችን ትንሽ ከፍ ዝቅ ብናደርገው ወፍጮው ይፈጥናል፣ ይዘገያል። ታዲያ ያዞረው እጃችን ነው? ውሃው ነው እንጂ! በትራንዚስተርም «ቤዝ» በሚባለው እግር የሚገባው ደካማ ኮረንቲ፣ ከ«ኮሌክተር» ወደ «ኤሚተር» የሚያልፈውን ትልቁን ኮረንቲ ያበዛዋል፣ ያሳንሰዋል። ትልቁ ኮረንቲ የሚመጣው ከባትሪ ድንጋዩ ነው። ድንጋይ ሲደክም ድምፁ የሚሰልለውና ፀሐይ ላይ የምናሰጣውም ለዚሁ ነው፤ ወንዙ ጎድሏላ! ትራንዚስተር ጉልበት እንደማይፈጥር ተማሪው ከያዘ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው።

ቀድሞ ይህን ሥራ የሚሠራው ቫልቭ እንደ አምፖል መጋል ስላለበት ኮረንቲ ይፈጅ ነበር። ባርዲንና ብራተይን በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ የመጀመሪያውን ትራንዚስተር የሠሩት በታኅሣሥ 1940 ዓ.ም. ነው፤ ሾክሌይን ጨምሮ ሦስቱ እ.ኤ.አ. በ1956 ኖቤል ተሸለሙ። እ.ኤ.አ. በ1954 ለገበያ የወጣው የመጀመሪያው የትራንዚስተር ራዲዮ አራት ትራንዚስተር ብቻ ነበረው። ብሥራተ ወንጌል ጣቢያ በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሥርጭት ሲጀምር፣ የመብራት ምሰሶ ባልደረሰበት ደጋም በጥቂት ድንጋይ ዜና መስማት ይቻል ነበር። ዛሬ ኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች አሉ።

ለክፍል ማሳያ ኤን ፒ ኤን የሚባለው ዓይነት አንድ ትራንዚስተር፣ ሁለት ድንጋይና አንዲት ቀይ ኤል ኢ ዲ መብራት ይበቃል። መብራቷን በድንጋዩ ፖዘቲቭና በኮሌክተሩ መካከል፣ ኤሚተሩን ከኔጌቲቩ ጋር እናገናኛለን። ከዚያ አንድ ተማሪ እርጥብ ጣቱን ፖዘቲቩንና ቤዙን አንድ ላይ ያስነካል፤ መብራቷም ቦግ ትላለች። በጣት ፈንታ ግን ባዶ ሽቦ አናስነካ፤ ትራንዚስተሩ ይቃጠላል። የእግሮቹ ቅደም ተከተልም እንደየዓይነቱ ስለሚለያይ አስቀድመን እንይ።