ባሕርን ለመጠበቅ የሚማሩ በትሮምሶ ከተማ

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን በየማለዳው አንድ ማንኪያ የዓሣ ጉበት ዘይት ያጠጡን ነበር። አፍንጫችንን ይዘን እንውጠው ነበር እንጂ ከወዴት እንደ መጣ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም። ነገሩን ያስተዋልሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፥ በታኅሣሥ ወር መጨረሻ በኖርዌይ ሰሜን ወዳለችው ወደ ትሮምሶ ከተማ በተጓዝሁ ጊዜ ነው።

ትሮምሶ በደሴት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ከአርክቲክ ክበብ ወደ ሰሜን 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ፥ በክረምቷ ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ፀሐይ አትወጣባትም። በቀትር ሰማዩ እንደ ንጋት ወገግ ይልና ወዲያው ተመልሶ ይጨልማል። ባሕሩ ግን ከደቡብ በሚመጣው ሞቃት ውሃ ምክንያት በረዶ አይሆንም። የዚያ ዘይት ምንጭ የሆነው ኮድ የሚባለው ዓሣ በዚሁ ወራት ከባሬንትስ ባሕር ተነሥቶ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ሎፎተን ደሴቶች ይወርዳል። የጠረፉ ሕዝብ ዓሣውን ያለ ጨው በእንጨት ላይ ሰቅሎ በብርድ ነፋስ ያደርቀዋል፤ ይኸውም እስከ ኢጣሊያና እስከ ናይጄሪያ ድረስ ይሸጣል።

በዚህች ከተማ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ዓ.ም. የተቋቋመ የዓሣ ሀብት ኮሌጅ አለ። ተማሪዎቹ የባሕርን ሕይወት፥ ምጣኔ ሀብትን፥ ቴክኖሎጂንና የማኅበራዊ ኑሮን ጥናት አንድ ላይ ይማራሉ። ከሩቅ አገር ለሚመጡም በእንግሊዝኛ ቋንቋ የሚሰጥ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት አለ።

አንዱን ወጣት ተማሪ፥ «አንዱን ዕውቀት ጠንቅቆ መያዝ አይበቃህምን?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አያቴ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ» አለኝ። «ኮዱ የሚመገበው ትንሹ ዓሣ አልቆ፥ ኮዱም ከመጠን በላይ ስለ ተጠመደ፥ በ1989 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የጠረፉ የኮድ ዓሣ ማጥመድ ተዘጋ። በሚቀጥለው ዓመት ለየጀልባው ድርሻ ሲወሰን፥ ቀደም ባሉት ዓመታት ጥቂት ያጠመደ ሰው ጥቂት ደረሰው። የአያቴ ድርሻ ለነዳጅ እንኳ አልበቃም፤ ጀልባቸውን ሸጡ። ዓሣው ዳነ፥ እርሳቸው ግን ወደ ባሕር አልተመለሱም። ዓሣውን የሚቆጥረው ሰው የአጥማጁንም ኑሮ እንዲያውቅ ብዬ ነው ሁለቱንም የምማረው።»

ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። በካናዳ አገር በኒውፋውንድላንድ የኮድ ዓሣ ተመናምኖ በ1992 ዓ.ም. ማጥመዱ በተከለከለ ጊዜ፥ 30,000 ያህል ሰዎች ሥራቸውን አጥተዋል፤ ዓሣውም ዛሬ እንደ ጥንቱ አልበዛም። ዓሣ ድንበር ስለማያውቅ የባሬንትስን ባሕር ድርሻ ኖርዌይና ሩሲያ ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ በጋራ ይወስናሉ። ይህም ድርሻ በ2013 ዓ.ም. 1,000,000 ቶን ደርሶ ነበር፤ በ2025 ዓ.ም. ግን ወደ 340,000 ቶን ዝቅ ብሏል። እንግዲህ እንደዚያ ወጣት ያሉት ሁሉ ሥራ ይጠብቃቸዋል።

በመመለሻዬ መንገድ ላይ በመሥሪያ ቤት የማውቀውን ነገር አሰብሁ። አንድ መዝገብ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዛወር እያንዳንዳችን የየድርሻችንን ጽፈን ማኅተም እናደርጋለን፤ ሁሉም ሥራውን በደንብ ፈጽሟል፤ ነገር ግን መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ የለም። ባለጉዳዩ ግን በደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ያ ወጣት የሚማረው መዝገቡን ሙሉ ማንበብ ነው። እኔም ከተመለስሁ ወዲህ ከመፈረሜ በፊት የመጀመሪያውን ገጽ ገልጬ አነባለሁ።