ልዕለ ጀግኖችን ይዞ ወደ አቃቂ

ልጅዎ የስፓይደርማን ቦርሳውን አንግቶ ቅዳሜ ጠዋት «ዛሬ የት ነው የምንሄደው?» ሲልዎ መልሱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ የገበያ ማዕከሉ መጫወቻ፣ ወይ ቢሾፍቱ። ወደ ቢሾፍቱ ሲሄዱ ደግሞ አቃቂን በመኪና መስኮት አይተዋት ያልፋሉ። አቧራ፣ ከባድ መኪና፣ የፋብሪካ አጥር። አንድ ቅዳሜ ግን እዚያው ይውረዱ። ልዕለ ጀግኖቹንም ይዘው ይምጡ፤ ሥራ አላቸው።

ከምኒልክ አደባባይ የሚነሳውና በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር መስመር ቃሊቲ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወደ አቃቂ ሚኒባስ ታክሲ ይይዛሉ። መኪና ቢኖርዎትም ባቡሩን ይምረጡ። ሰልፉና ግፊያው ያሰለቻል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከተማው ከፎቅ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ጋራዥ ሲለወጥ ልጆች በዓይናቸው ያዩታል። አቃቂ ከመሀል ከተማው ዝቅ ያለች ስለሆነች ሞቅ ትላለች፤ ሹራብ ቦርሳ ውስጥ ይግባ።

መጀመሪያ ጋራዦቹን ያሳዩዋቸው። በዚህ አካባቢ ብረት ይቆረጣል፣ ይበየዳል፣ ይሞረዳል። የአቃቂ መሠረታዊ ብረታ ብረት ኢንዱስትሪ የሚገኘውም እዚሁ ነው፤ ሥራው ለሌሎች ፋብሪካዎች መለዋወጫ መሥራት ነው። ወደ ትልቁ ግቢ ዝም ብሎ አይገባም፤ የመንገድ ዳር ቶርኖ ቤት ግን ባለቤቱን ሰላም ብለው ካስፈቀዱ ቆሞ ለማየት ብዙም አያስቸግርም። ልጆቹን ራቅ አድርገው ያቁሟቸው፤ የብየዳውን ብርሃን በቀጥታ እንዳያዩ አደራ። ቃላቱንም ያዳምጡ። ቶርኖ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ፦ ጣሊያን ሄዶ ቋንቋው ጋራዥ ውስጥ ቀርቷል።

ዊል አይስነርን የምናነሳው እዚህ ላይ ነው። የዓይን ጭንብልና ባርኔጣ ያደረገውን መርማሪ፣ «ዘ ስፒሪት»ን፣ እ.ኤ.አ. በ1940 የፈጠረው አሜሪካዊ ሠዓሊ ነው። የሥዕል ታሪክ ወዳጆች ስሙን በአክብሮት ይጠራሉ። ዝነኛውን ገጸ ባሕርዩን ትቶ ለ20 ዓመታት ያህል ምን ሲሠራ እንደነበረ ግን ብዙ ሰው አያውቅም፤ የመኪና ጥገና ሲሥል ነበር! በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለውትድርና ሲመለመል ጦሩ አንድ ችግር ነበረበት። ወታደሩ የጥገና መመሪያውን አያነብም፤ መኪናውም ዘይት ሳይቀየርለት፣ ቡሎኑ ሳይጠብቅ መንገድ ላይ ይቆማል። አይስነር መመሪያውን በሥዕል አወጣው። ጆ ዶፕ የሚባል ዝርክርክ ወታደር ፈጠረና የማይደረገውን ሁሉ አስደረገው፤ አንባቢው ስቆ ሲጨርስ ትክክለኛውን አሠራር ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1951 ደግሞ «ፒ ኤስ» የተባለ የጥገና መጽሔት ለአሜሪካ ጦር ተጀመረ፤ ሥዕሉን እስከ 1970ዎቹ መግቢያ ድረስ ያዘጋጅ የነበረው እሱ ነው። በእኛ ግምት ከጭንብል ለባሹ መርማሪ ይልቅ ይህ ሥራው ብዙ ሰው ጠቅሟል። ቶርኖ ቤቱ በር ላይ ቆመው ለልጅዎ ይንገሩት። ከዚያ እርሳስና ደብተር ይስጡትና ያየውን ማሽን ይሣል። የሒሳብ ደብተሩን ጠርዝ በካባ ለባሾች ሞልቶ የሚቆጡት ልጅ ከሆነ ደግሞ ዛሬ ቁጣው ይቆይ።

ሌላው ጃክ ከርቢ ነው። ካፒቴን አሜሪካን ከጆ ሳይመን ጋር፣ ልጆች የሚያውቁትን ብላክ ፓንተርን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 ከስታን ሊ ጋር የፈጠረ እጅ ነው። ያው እጅ በ1947 ከሳይመን ጋር «ያንግ ሮማንስ» የተባለ የፍቅር ታሪክ መጽሔት አውጥቷል። ከሁሉ የሚገርመው ግን አንድ ሳይሠራ የቀረ ፊልም ነው። ለፊልሙና አብሮት ሊገነባ ለታሰበ መዝናኛ ፓርክ ከርቢ ድንቅ ሥዕሎች ሠራ፤ ዕቅዱ ፈረሰ፤ ሥዕሎቹ ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ1980 ቴህራን ውስጥ የተደበቁ 6 አሜሪካውያንን ለማውጣት የስለላ ድርጅቱ «ፊልም ሠሪዎች ነን» የሚል ሽፋን ሲፈልግ፣ ያን ሥዕል ከነጽሑፉ አወጣና «አርጎ» ብሎ ሰየመው። ሰዎቹም ወጡ።

ይህን ታሪክ አቃቂ ላይ መንገር ደስ ይላል፤ ምክንያቱም አቃቂም ላልታሰበበት ጉዳይ የዋለ ሥራ አላት። የአቃቂን ሬዲዮ ጣቢያ የሠራው የጣሊያን ኩባንያ ነበር። በ1928 ዓ.ም. መግቢያ፣ የጣሊያን ጦር ድንበር ሊሻገር ሳምንታት ሲቀሩት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአሜሪካ ሕዝብ ንግግር ያሰሙት በዚሁ ጣቢያ ነው። የወራሪው አገር ኩባንያ በሠራው መሣሪያ ስለ ወራሪው ተናገሩበት! ለጎብኚ የተሰናዳ ነገር አይጠብቁ፤ ታሪኩን ታክሲ ውስጥ ይንገሯቸው።

አባ ሳሙኤልን ለማየት ግን መኪና ያስፈልጋል፤ ከከተማው ወደ ደቡብ ወጣ ይላል። የአቃቂን ወንዝ ገድቦ የተሠራው ማመንጫ በአገራችን ቀደምት ከሚባሉት የውኃ ኃይል ጣቢያዎች አንዱ ነው፤ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ። ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ሥራ ጀመረ። ሐይቁን ከሩቅ ማየት ያምራል፤ ወደ ውኃው ግን ልጆችን አያስጠጉ። የአዲስ አበባ ወንዞች የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ይዘው የሚወርዱት ወደዚሁ ነው፤ እምቦጩም ምስክር ነው። «ለምን ቆሸሸ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። አያድበስብሱ፤ የእኛም መታጠቢያ ቤት ያለበት ከተማ መሆኑን ይንገሯቸው።

ሁሉም ያልታወቀ ሥራ ድንቅ ነው ማለታችን አይደለም። የሱፐርማን ፈጣሪዎች ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር ገጸ ባሕርያቸውን በ130 ዶላር ሸጠው እጃቸው ባዶ ከቀረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 «ፈኒማን» የሚባል ቀልደኛ ጀግና አወጡ። 6 ቁጥር ሳያልፍ ቆመ።

የእኛው ጀግና ደግሞ ገና ወጣት ነው። ብሥራት ደበበ በኢታን ኮሚክስ በኩል እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያወጣው «ጀምበር» የሚጀምረው ከአዲስ አበባ ነው፤ አማኑኤል ጥላሁን ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ኃይሉን ከማግኘቱ በፊት ያለበትን ጭንቀት ትልልቆቹ ልጆችዎ ይረዱታል፤ እርስዎም ይረዱታል። ካገኙት አማርኛውን ይያዙና በመልሱ ባቡር ላይ ተራ በተራ ድምፅ አውጥተው ያንብቡት። የሚመለሱት ግን ከ10 ሰዓት በፊት ይሁን፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ የከባድ መኪኖቹ ነው፣ ባቡሩም እግር ማስቀመጫ አይኖረውም።