ዜሮ መኪና ስንት ጊዜ ጋራዥ ሲመላለስ ነው ገንዘባችን የሚመለሰው?

እዚህ አገር መኪና ለመግዛት እቁብ ይጠበቃል፣ ወርቅ ይሸጣል፣ ባንክ ይለመናል። ሰው «ዜሮ ነው» ለሚለው ቃል ጨምሮ የሚከፍለው የጋራዥ ደጅ ከመጥናት ልገላገል ብሎ ነው።

እኔ ጎጃም በረንዳ ሱቅ አለኝ። ለቸርቻሪዎች ዕቃ የማደርሰው አዲስ በገዛሁት የኤሌክትሪክ ሚኒቫን ነው፤ ሲነሳልኝ ማለቴ ነው። ገና በመጀመሪያው ወር አንድ ጠዋት ጭራሽ አልነሳ አለ። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ነው፤ የሞተው 12 ቮልቱ ትንሹ ባትሪ ነው። እሱ ከሌለ ኮምፒውተሩ አይነቃም፣ መኪናውም አይነሳም። ተቀየረ፤ በሦስተኛው ሳምንት ደገመው። ቀጥሎ ቻርጅ መሀል ላይ ማቋረጥ ጀመረ። ከዚያ የፊት እግሩ ኮረኮንች ላይ ይንኳኳ ጀመር። ሰባት ጊዜ ወስጄዋለሁ፤ ሰባት ጊዜ «ኤረሩን አጥፍተነዋል» ተብያለሁ። የዳሽቦርዱ መብራት ይጠፋል፣ ብልሽቱ ግን አብሮኝ ቤት ይገባል። ዕቃ የሚጭንልኝ ልጅ «ጋሼ፣ በቅሎ እንኳ ስታኮርፍ ምክንያት አላት» ይለኛል።

ድሮ ቢሆን ሶማሌ ተራ ቅርባችን ነው፤ መለዋወጫው ይገኛል፣ ቶዮታን ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታ መካኒክም ሞልቷል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ግን አዲስ መኪና ማለት ኤሌክትሪክ ማለት ሆኗል። ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ ብልሽቱን የሚያነበው ሶፍትዌርም ብዙ ጊዜ የሸጠልህ ሰው እጅ ላይ ነው። የነዳጅ ወጪዬ መቅለሉን አልክድም። የምሟገተው ሻጩ ስለሚያመልጥበት ቀዳዳ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ከዚህ የተሻለ ዋስትና ወይም ውል ከሌለ፣ ገዢው ጉድለት ያለበትን ዕቃ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ መልሶ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ይህ ለሸሚዝ ይበቃል። የሚመላለስ ብልሽት ግን ገና ሲጀምር 15 ቀኑ አልፏል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰፋ ያለ በር አለው፤ ገዢው ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ፣ ካስታወቀም በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። «ነገ ና» የሚል ሻጭ ያንን ዓመት ሊበላው ይችላል።

አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን መኪና «ሎሚ» ይሉታል። ኮኔቲከት የተባለችው ግዛት በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሕግ ጥገናውን ራሱን ይቆጥራል፦ አዲስ መኪና በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ ለአንድ ብልሽት አራት ጊዜ ተጠግኖ ካልዳነ፣ ወይም በድምሩ 30 ቀን ጋራዥ ከቆመ፣ አምራቹ ይቀይራል ወይም ገንዘብ ይመልሳል።

እኛም እንዲህ ያለ ቁጥር ያስፈልገናል። ምን ዓይነት መኪና እንደምንገዛ የወሰነ መንግሥት፣ መኪናው አልድን ሲል ማን እንደሚጠየቅም ይወስን።

እስከዚያው ወገኖቼ፣ ጋራዥ በገባችሁ ቁጥር ቀኑን፣ ችግሩንና የተሠራውን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሳትይዙ አትውጡ። የእኔ ሰባቱም በእጄ ናቸው፤ ዓመቱ ሳይሞላም ይዣቸው ፍርድ ቤት እሄዳለሁ።